ስትሮክ የመታው ሰው ቤት ሲገባ፦ ከአልጋ እስከ ደጀ ሰላም

አባታችን ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠን አንድ ፌስታል መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ነው። ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሏል። ቀኝ እግራቸው ይጎተታል። የሚናገሩት አይገባንም። «ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው» ተባልን። እንዴት እንደምንንከባከብ ግን የነገረን የለም።

እኛም የመሰለንን አደረግን። አጎረስናቸው፣ አለበስናቸው፣ አቅፈን አነሳናቸው፣ አቅፈን አስቀመጥናቸው። አንድ ወር ሙሉ የውሃ ብርጭቆ እንኳ በእጃቸው አላስያዝናቸውም። ከፍቅር ነው። ግን ያ ወር ለማገገም ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ነበር፤ በከንቱ አለፈ።

ይህን የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ ያንን ወር እንዳያጣው ብዬ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየቀኑ የሚያገኝ ታማሚ ጥቂት ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ደብረ ብርሃን ድረስ ለቀጠሮ መመላለስ ገንዘቡም ድካሙም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ልምምዱ የግድ ቤት ውስጥ ይሆናል። ደግነቱ የተለየ ዕቃ አያስፈልገውም። መልበስ፣ መብላት፣ ከአልጋ መነሳት፣ ባቄላ መፈልፈል፣ ይሄ ሁሉ ልምምድ ነው። ታማሚው ራሱ ካደረገው ማለቴ ነው።

የሆነው ምንድን ነው?

በእኛ አገር «ምች መታው»፣ «ለከፈው» ይባላል። ስትሮክ ግን የአንጎል በሽታ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ይደፈናል ወይም ይፈነዳል። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል። እሱ ያዝዘው የነበረው እጅ ወይም እግርም ይሰንፋል። እጁና እግሩ ራሳቸው ምንም አልሆኑም፤ የታመመው አዛዡ ነው። ይህ ከገባችሁ እጅን ማሸት ብቻውን ለምን እንደማያድን ይገባችኋል።

የግራው አንጎል ከተጎዳ ቀኝ ጎን ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ንግግር አብሮ ይያዛል። የአባታችን እንዲህ ነው። የቀኙ አንጎል ከተጎዳ ደግሞ ግራ ጎን ይደክማል። እንዲህ ያለው ሰው አንዳንዴ ግራ ጎኑን ጭራሽ ይረሳዋል። ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ በልቶ «አለቀ» ይላል። ግራ ክንዱ ከበር ሲጋጭ አያውቀውም። ቸልተኛ ሆኖ አይደለም። በግራው በኩል ሆናችሁ አነጋግሩት፣ ወደ ግራ ዞሮ እንዲያይ አስታውሱት።

የሞተው ክፍል ተመልሶ አይነሳም። በሕይወት ያለው ክፍል ግን ሥራውን መማር ይችላል። የሚማረውም በመደጋገም ነው። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ይዘገያል እንጂ አያቆምም። ዓመት ካለፈው በኋላም አዲስ ነገር የሚችል ሰው አለ።

ቤቱን አስተካክሉ

መጀመሪያ መኝታውን እዩ። መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ብቻውን መነሳት አይችልም። አልጋው ታማሚው ጠርዙ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ሙሉ በሙሉ የሚረግጥበት፣ ጉልበቱም በ90 ዲግሪ የሚታጠፍበት ቁመት ይኑረው። በጣም ከፍ ካለ የአልጋውን እግር ቁረጡት፤ ዝቅ ካለ ጡብ ወይም ጉማጅ እንጨት አስገቡበት። ሲነሳ ጤነኛ ጎኑ ወደ ክፍሉ እንዲሆን አድርጉ።

ከዚያ ወለሉን። የሚንሸራተት ምንጣፍና ሰሌን ይነሳ። ለበዓል ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ እግሩን ለሚጎትት ሰው ክፉ ወጥመድ ነው። እኛ ቄጠማውን ለበዓል ረከቦቱ ሥር ብቻ እናደርገዋለን፤ መተላለፊያው ባዶ ይሆናል። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ ከሆነ ሁለቱንም ወገን በሲሚንቶ ወይም በጣውላ ተዳፋት አድርጉት። ክረምት ሲገባ ግቢው ጭቃ ይሆናል። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ።

ሽንት ቤት ላይ ቁጢጥ ማለት አይችልም። አናጢ ጠርታችሁ መሐሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር አሠሩ። ወንበሩ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል። ከጤነኛው እጅ በኩል የሚይዘው እንጨት ግድግዳው ላይ በደንብ ይመታ። ለሌሊት ፖፖ አልጋው አጠገብ ይኑር። ሽንት የማምለጥ ችግር ካለ በየ2 ሰዓቱ አስቀምጡት እንጂ ውሃ አትከልክሉት። ውሃ ማነስ ድርቀት ያመጣል፣ ድርቀቱም ሌላ በሽታ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ታማሚውን ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ያምረናል። ግን ብዙ ጊዜ የደከመው ጎን ይደነዝዛል፤ ሲቃጠል አይሰማውም። በቁሙ እግሩ ሲጠበስ «ሞቆኛል» ይላል። የሞቀ ውሃም ስታዘጋጁለት በእናንተ እጅ ወይም በጤነኛ እጁ ይሞከር። ከሰል አንድዳችሁ በር ዘግታችሁ አታስተኙት። ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ካልሲ ይበቃዋል።

አልጋ ላይ እንዴት ይተኛ?

ራሱን መገልበጥ እስኪችል ድረስ በየ2 ሰዓቱ ገልብጡት፤ ሌሊትም ቢሆን። አንድ ቦታ የተጫነ ቆዳ ይቆስላል። ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የወገቡን ታች በየቀኑ እዩ። ቀልቶ በጣት ሲጫኑት ካልጠፋ ቁስል እየጀመረ ነው፤ በዚያ በኩል አታስተኙት።

በጤነኛው ጎኑ ሲተኛ የደከመው ክንድና እግር ከፊቱ ትራስ ላይ ይረፉ። በደከመው ጎን መተኛትም ይችላል፤ ትከሻው ከሥሩ እንዳይታጠፍ ወደ ፊት ሳብ አድርጉለት። ሲቀመጥም የደከመው እጅ አይንጠልጠል። ጭኑ ላይ ትራስ አድርጋችሁ አስደግፉት።

ከአልጋ መነሳት

የደከመውን እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ። በብብቱም ገብታችሁ አታንሱት። በአባታችን ላይ ያደረስነው ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ትከሻን የሚይዘው ጡንቻ ሰንፏልና አጥንቱ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ሕመሙ ለወራት አልለቀቃቸውም። እጃቸውን መለማመድም ጠሉ።

የምትይዙት ወገቡን ነው። የእናታችን መቀነት እዚህ ላይ ባለውለታችን ሆነ። በወገባቸው ዙሪያ ሁለቴ ጠቅልለን ጠበቅ አድርገን እናስራለን። ደጋፊው ከደከመው ጎን ይቆማል፣ አንድ እጁ ከጀርባ መቀነቱን ይይዛል። እንዲህ ነው የሚነሱት፦

1. በጀርባው እንደተኛ ጉልበቶቹን ያጥፍ። የደከመው እግር እምቢ ካለ በጤነኛው እግር ከሥሩ ገብቶ ይርዳው።
2. ወደ ጎኑ ይዙር። ሁለቱም እግሮች ከአልጋው ይውረዱ።
3. በጤነኛው እጁ አልጋውን ገፍቶ ይቀመጥ። እናንተ ትከሻውን ከጀርባ ደገፍ ብቻ አድርጉ።
4. እዚያው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ራሱን ካዞረው አይቁም።
5. ወደ አልጋው ጠርዝ ይጠጋ። እግሮቹ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ገብተው መሬት ይርገጡ።
6. ወደ ፊት ያጎንብስ፤ አፍንጫው ከጉልበቱ አልፎ እስኪሄድ። ከዚያ ይነሳ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ለመነሳት የሚሞክር ሰው ወደ ኋላ ይወድቃል።

በመጀመሪያው ቀን 3 ጊዜ፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 10 እያላችሁ ጨምሩ። ቆሞ መቀመጥ ብቻውን ለእግር ከብዙ ማሸት ይበልጣል። ወደ ወንበር ሲዛወር ወንበሩ በጤነኛው ጎን ይሁን።

መብላትና መጠጣት

ስትሮክ መዋጥንም ይጎዳል። ይህን ሳናውቅ ስንቱን ጉርሻ አጉርሰናቸዋል! ጠያቂ ሁሉ ሲመጣ «ከእጄ ይብሉልኝ» ይላል። እሳቸውም ትን ይላቸዋል። ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ከስትሮክ በኋላ ሰው ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ስለዚህ ጉርሻ ይቁም። ጠያቂው ቢቀየምም ይቁም። «ሐኪም ከልክሏል» በሉ፤ ሐሰት አይደለም፣ ጠይቃችሁት ቢሆን ይከለክል ነበር።

ከመመገባችሁ በፊት የሚውጥ መሆኑን ጤና ባለሙያ ይይለት። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ አይብላ። አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ። የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ስጡት። መዋጡን ሳታዩ ሁለተኛውን አታንሱ። ከበላ በኋላ የደከመውን ጉንጭ ውስጡን እዩ፤ ምግብ እዚያ ይከማቻል፣ እሱ ግን አይሰማውም። አፉን አጽዱለት። 30 ደቂቃ ያህል ሳይተኛ ይቆይ።

ብዙዎች ውሃና ሻይ ቀላል ይመስሏቸዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ግን ከባዱ ቀጭኑ ነው፤ ሳይዘጋጅ ሾልኮ ይወርዳል። ወፈር ያለ አጥሚት፣ ወፈር ተደርጎ የተበጠበጠ በሶ፣ ለስላሳ ገንፎ ይሻላል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ ይቆይ። እየበላ ካሳለው፣ ድምፁ ውሃ የያዘ ከመሰለ፣ ወይም ትኩሳት ካመጣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አሁን ስለ እጅ ልናገር። ቀኝ እጁ የሰነፈ ሰው በግራ መብላት አለበት። በእኛ ዘንድ ደግሞ በግራ መብላት ነውር ነው። አንድ እሁድ ከተጉለት ዘመዶች መጡ። መሶቡ ቀረበ። አባቴ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ እንግዶቹን አዩ፣ እጃቸውን መልሰው ጋቢ ውስጥ ከተቱት። «አልራበኝም» ለማለት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን ጦማቸውን ዋሉ።

መፍትሔው ማንኪያ ሆነ። በማንኪያ ሲሆን ግራ እጅ እንደ ነውር አይታይም። ለብቻቸው ጎድጓዳ ሳህን፣ ቂንጬ ወይም ፍትፍት፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ። ቀስ በቀስ ቀኝ እጃቸውንም አስገባንበት። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለን አወፈርነው፤ ወፍራም እጀታ ለደካማ እጅ ይመቻል። በመጀመሪያ ሦስት ማንኪያ በቀኝ፣ የቀረው በግራ። ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ይፈስ ነበር። እናታችን ልትጠርግ ስትነሳ እጇን እይዛታለሁ። ይፍሰስ። ጋቢ ይታጠባል።

መልበስ

ሕጉ አጭር ነው። ሲለብስ የደከመው ይቅደም፣ ሲያወልቅ ጤነኛው ይቅደም። ተቀምጦ ይልበስ። ከፊቱ የሚከፈት ሸሚዝና ጃኬት፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ይመቸዋል። ቁልፉ ትልልቅ ይሁን። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበትም ታገሡት። ቸኮል ያላችሁ ቀን አግዙት፣ በሌላው ቀን እጃችሁን ሰብስቡ።

ጋቢ ለመቀመጫ ጥሩ ነው፣ ለመራመድ ግን አይሆንም። እግር ሥር ይገባል፣ እጅንም ይይዛል። የመንዝ በርኖስም ይከብደዋል። ነጠላ ጫማ ጨርሶ ይቅር። ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ግዙለት።

መራመድ

ከዘራ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው። ብዙ ሰው በደከመው ጎን ይመስለዋል። ቁመቱ፣ ታማሚው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲለቅ እስከ አንጓው ይድረስ። መቋሚያና ረጅም ዱላ ለዚህ አይሆኑም፤ ትከሻን ያንጠለጥላሉ፣ ሰውነትንም ወደ ጎን ያዘምማሉ። ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ምቱበት።

አካሄዱ፦ መጀመሪያ ከዘራው፣ ከዚያ የደከመው እግር፣ ከዚያ ጤነኛው። ደረጃ ወይም ደፍ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ ከዘራውና የደከመው ይቅደሙ። ደጋፊው በደከመው ጎን፣ መቀነቱን ይዞ። ባጃጅ ሲገባ ደግሞ በጀርባው ዞሮ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ከዚያ እግሮቹን ያስገባ። ሹፌሩ እስኪጨርስ እንዲጠብቅ ቀድማችሁ ንገሩት። ጨዋ ሹፌር ብዙ ነው።

ሲደክመው ይረፍ። ከስትሮክ በኋላ ያለው ድካም ከስንፍና አይደለም፤ አንጎሉ እጥፍ እየሠራ ነው። ዋናውን ልምምድ ጠዋት አድርጉት፣ ከምሳ በኋላ ይተኛ።

እጅን ሥራ ማስያዝ

ኳስ ማስጨበጥ በየቦታው ይመከራል። ጣቱ ወደ ውስጥ ተጨብጦ ለቀረ ሰው ግን የሚጎድለው መክፈት ነው እንጂ መጨበጥ አይደለም። መጀመሪያ አንጓውን ወደ ውስጥ አጥፉ፣ ያኔ ጣቶቹ ይላላሉ። ከዚያ ከአውራ ጣቱ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ዘርጉ። በኃይል አይሆንም። ትንሽ ቆዩበት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ድገሙት።

ጥቂት እንኳ መንቀሳቀስ ከጀመረ ሥራ ስጡት። በሁለት እጁ ጠረጴዛ ይወልውል። ቡና ይልቀም። ባቄላ ይፈልፍል። ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። እናት ከሆነች ጥጥ ታባዝት፣ እንዝርቷን በጤነኛው እጅ ትያዝ፣ የደከመው ጥጡን ይደግፍ። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ይረፍ፣ ከዚያ እንደገና። ጤነኛው እጅ ፈጣን ስለሆነ ሁሉን ይቀማል። አንዳንዴ ጤነኛውን ኪሱ ውስጥ እንዲያስገባ ጠይቁት።

ንግግር

አባቴ ጋቢ ፈልገው «በሬውን አምጣ» ይሉ ነበር። ጎረቤቱ «አእምሯቸው ተነካ» አለ። አልተነካም። የሚፈልጉትን ያውቁታል፤ ቃሉ ነው የሚጠፋባቸው። ስንስቅ ዓይናቸው እንባ ይሞላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀም።

አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው መጡ። ለመውጣት ተነስተው «አባታችን ሆይ» ሲሉ አባቴ ተቀበሏቸው። እስከ «አሜን» አንዲት ቃል ሳይስቱ ወረዱት። እናታችን እልል አለች። ተአምር ብቻ መስሎን ነበር፤ በኋላ ባለሙያ አስረዳን። በልጅነት ተጠንቶ ሺህ ጊዜ የተባለ ነገር ከተራ ንግግር በተለየ መንገድ ይወጣል። ጸሎት፣ ከ1 እስከ 10 መቁጠር፣ የሰላምታ ቃል፣ መዝሙር እንዲህ ናቸው። ይህ በር ከተከፈተ ተጠቀሙበት። ጠዋት ጠዋት አብራችሁት ጸልዩ፣ አብራችሁ ቁጠሩ፣ የሳምንቱን ቀናት ጥሩ።

በተረፈ አንድ ጥያቄ ብቻ በአንድ ጊዜ ጠይቁ። «ውሃ ወይስ ሻይ?» ስትሉ ሁለቱንም አሳዩት። ጠይቃችሁ በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩና ጠብቁ። ቃሉን ቀድማችሁ አትጨርሱለት። አትጩኹበት፤ ጆሮው ደህና ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጥፋ። እሱ ባለበት ስለ እሱ እንደሌለ ሰው አታውሩ።

ወጌሻና ጸበል

ወጌሻ ለወለምታ ባለውለታችን ነው። ስትሮክ ግን የአጥንት ነገር አይደለም። የሰነፈ ትከሻን መጎተትና ማንቋቋት ይጎዳዋል። በቅቤ ወይም በቅባት ለስለስ አድርጎ ማሸት ደስ የሚያሰኝ ከሆነ ችግር የለውም።

ጸበልን በተመለከተ እኔም አማኝ ነኝ። ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ሄደናል። የምለው ሦስት ነገር ነው። መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ፣ አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። ቀዝቃዛና አንሸራታች ቦታ ላይ ተቀምጦ እንጂ ቆሞ አይጠመቅ፤ ተጠምቆም ወዲያው ደረቅ ልብስ ይልበስ። መዋጥ የሚያስቸግረው ከሆነ ጸበሉን በማንኪያ፣ ትንሽ በትንሽ ይጠጣ።

መድኃኒት፣ ጾም፣ ጨው

ስትሮክ የመታው ሰው ሁለተኛ ጊዜ የመመታት ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ዋናው ጠላት ደም ግፊት ነው። ብዙ ሐኪሞች ከ130/80 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ለእናንተ ታማሚ የተወሰነውን ቁጥር ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አስለኩ፣ ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተር ላይ አስፍሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም አማክሯት።

«ግፊቱ ወረደ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ትልቁ ስሕተት ነው። የወረደው በመድኃኒቱ ነው። አስፒሪን ደግሞ የደም ሥር ለተደፈነበት እንጂ ለፈሰሰበት ሰው አይደለምና ከጎረቤት ተበድራችሁ አትስጡ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን በጊዜ አሳድሱ፤ መድኃኒቱ ረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነው።

ጾም ላይ ብዙ ሽማግሌ ይቸገራል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን ይዘላል። ይህን ለብቻችሁ አትከራከሩት። የንስሐ አባቱን ጥሩ፣ እሳቸው ይንገሩት። ለበሽተኛ ይፈቀዳል። እኛ ጋ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ እኔ ስለምናቸው አባቴ አይሰሙኝም ነበር።

ጨው በቀን ከ5 ግራም አይለፍ። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ በሽሮውና በበርበሬው ውስጥ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ። ለእሱ ብቻ ከማብሰል የቤቱን ወጥ ሁሉ ጨው ቀንሱ። አረቄና ሲጋራ ይቁሙ።

ሆድ ሲብሰው፣ እናንተም ስትደክሙ

ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። ምግብ ይጠላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ልምምዱን እምቢ ይላል። ይሄ በሽታ ነው፣ መድኃኒትም አለው። ለሐኪም ንገሩ። ያለ ምክንያት ድንገት ማልቀስ ወይም መሳቅ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱም ከአንጎሉ ጉዳት ይመጣል። ዝም ብላችሁ ወሬ ቀይሩ፣ ያልፋል።

ጠያቂን ሥራ ስጡት። «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ቡና ጠጥቶ ከሚሄድ አንዱ መቀነቱን ይዞ ግቢውን አንድ ዙር ያዙር፣ አንዱ ባቄላ አብሮ ይፈልፍል። ጠያቂ ከሦስት በላይ አይሁን፤ ወሬው ሲበዛ ንግግር የተያዘ ሰው ይጨነቃል። የሚያስታምመውም ሰው አንድ ብቻ አይሁን። በእኛ ቤት እናታችን ነበረች። በአራተኛው ወር ወገቧን ያዛት። ያኔ ነው ተራ ያወጣነው፣ ማታ ማታ እኔ፣ ቅዳሜና እሁድ ወንድሜ።

ደግሞ ቢመጣ

ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከዘመመ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከከዳው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ከጠፋ፣ አንዱ እንኳ ከታየ አትጠብቁ። «ያልፍለታል» አትበሉ። በመጨረሻ ደህና የነበረበትን ሰዓት ጻፉ። በአፉ ምንም አትስጡት። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ የወረዳችሁንም አምቡላንስ ቁጥር ከአሁኑ በር ላይ ለጥፉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ ያውም በሲቲ ስካን (አንጎልን በሚያነሳ የራጅ መሣሪያ) ታይቶ፣ ባለበት ሆስፒታል። እሱ ባይገኝ እንኳ ቶሎ መድረስ ነፍስ ያድናል።

ግብ ስጡት

«ተለማመድ» ማለት ብቻውን ሰውን አያስነሳም። ምን እንደናፈቀው ጠይቁ። አባቴ የናፈቃቸው ማስቀደስ ነው። ስለዚህ መንገዱን ከፋፈልነው። በመጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር። ከዚያ እስከ አጥሩ። ከዚያ እስከ ጎረቤት ደጃፍ፤ እዚያ በርጩማ አስቀመጥንላቸው። በስምንተኛው ወር በባጃጅ ሄደው ከደጀ ሰላሙ እስከ ጥዱ ድረስ በራሳቸው እግር ተራመዱ። ጥዱ ሥር ወንበር ይዘን ጠበቅናቸው። ቀኝ እጃቸው አሁንም ቁልፍ አይቆልፍም። ከጥዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ 60 እርምጃ ያህል ይቀራል። እሱን አሁን ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ እየቆጠርን ነው፤ ቁጥሩን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።